የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባዮፊልምን መግደል ሌላ፣ ማስለቀቅ ሌላ

ባለፈው እትም በአሜሪካ ሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሚገኘው የባዮፊልም ኢንጂነሪንግ ማዕከል የወጡ ዜናዎችን በአጭሩ አቅርበን ነበር። ዜናዎቹ ስለ ፀረ-ተህዋሲ መድኃኒቶች መፈተሻ፣ ስለ ውኃ መስመሮችና ከሻጋታና ከባክቴሪያ ስለተሠራ የግንባታ ቁስ የሚያወሩ ነበሩ። ባዮፊልም ማለት ባክቴሪያዎች አንድ ገጽ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባመነጩት ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው የሚኖሩበት ስብስብ ነው። ጥርስ ላይ የሚጋገረው ፕላክ፣ ቧንቧ ውስጥ የሚይዘው ልጋግ፣ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ሲረግጡ የሚያንሸራትተው ሽፋን፣ ሁሉም ባዮፊልም ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አዋህደናል፤ የጠያቂዎቹንም ስም ትተን ሙያቸውን ብቻ ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጽዳት መድኃኒት ጠርሙስ ላይ «99.9 በመቶ ባክቴሪያ ይገድላል» የሚል ጽሑፍ አያለሁ። እናንተ ግን ለባዮፊልም «6 ሎግ» ይጠየቃል ብላችኋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ይህን ያህልስ ለምን አስፈለገ? (የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ)

መልስ፦ እያንዳንዱ ሎግ የአሥር እጥፍ ቅነሳ ነው። 99.9 በመቶ ማለት 3 ሎግ ነው፤ ከሺህ ባክቴሪያ አንድ ይተርፋል። 6 ሎግ ሲባል ከሚሊዮን አንድ ነው። አንዲት ትንሽ ሳንቲም የምታህል የመፈተሻ ክብ፣ በላቦራቶሪ ቋንቋ ኩፖን፣ አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። ከዚያ ላይ 99.9 በመቶው ቢሞት አንድ ሚሊዮን ይቀራል። የተረፉት ደግሞ መጠለያቸው ስላልፈረሰ ምግብና ውኃ እስካገኙ ድረስ እንደገና ይባዛሉ።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ምርት ጤናን በሚመለከቱ ገጾች ላይ ያለ ባዮፊልምን ይገድላል ተብሎ እንዲጻፍበት ቢያንስ 6 ሎግ ቅነሳ ማሳየት አለበት። ፈተናው በሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳና በስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በተባሉ ባክቴሪያዎች ላይ ይካሄዳል። መድኃኒት ያልነካቸው የሱዶሞናስ ኩፖኖች አማካይ ቆጠራ ከ8.0 እስከ 9.5 ሎግ (9 ሎግ አንድ ቢሊዮን ህዋስ ነው) ካልሆነ ፈተናው አይቆጠርም። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስስ ባዮፊልም ላይ የተፈተነ መድኃኒት ሁሉ ጎበዝ መስሎ ይታያል።

ተራው የጠርሙስ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ የተመሠረተው በፈሳሽ አድገው ገጽ ላይ በደረቁ ባክቴሪያዎች ላይ ነው። እነዚያ ሽፋን የላቸውም። ባዮፊልም ውስጥ ግን ህዋሶቹ ብዙ ጊዜ ከደረቁ ክብደት 10 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ቀሪው የስኳር ሰንሰለት፣ ፕሮቲንና ከህዋስ የወጣ ዲኤንኤ ነው። ክሎሪንን የመሰለ መድኃኒት እዚህ ላይ እየተዋጋ ያልቃል። ጥልቁ ውስጥ ያሉት ደግሞ ኦክስጅንና ምግብ ስለማይደርሳቸው እድገታቸው የቀዘቀዘ ነው፤ በእድገት ላይ ያለን ህዋስ የሚያጠቃ መድኃኒት እነሱን አያገኛቸውም።

ተማሪ ስለሆኑ አንድ ስሌት እንጨምር። ኩፖኑ መጨረሻ ላይ በ40 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ነው እንበል። ከዚያ 0.1 ሚሊ ሊትር ወስደው ሳያቀጥኑ ፕሌት (የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህን) ላይ ቢያሰራጩና አንድ ኮሎኒ (በዓይን የሚታይ የባክቴሪያ ክምር) ቢበቅል፣ ኩፖኑ ላይ 400 ህያው ህዋስ ነበር ማለት ነው፤ ይህም 2.6 ሎግ ነው። መነሻዎ 8.5 ከሆነ ግን 6 ሎግ ቅነሳ ለማሳየት ከ2.5 በታች መውረድ አለብዎት። ስለዚህ ፕሌቱ ባዶ ቢሆንም እንኳ 6 ሎግ ደርሻለሁ ማለት አይችሉም፤ ዘዴው እስከዚያ አያይም። መደበኛው ፈተና የቱቦውን ፈሳሽ በማጣሪያ አሳልፎ ማጣሪያውን አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት የረጋ ምግብ) ላይ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። «ምንም አልበቀለም» የሚል ሪፖርት ሲያነቡ መጀመሪያ ስንት ሚሊ ሊትር እንደታየ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ላቦራቶሪያችን ውስጥ የሲዲሲ ሪአክተር (ባዮፊልም ማሳደጊያ ዕቃ) አለን፤ ሱዶሞናስ እናሳድግበታለን። አንድ ሳምንት በኩፖን 9 ሎግ እናገኛለን፣ በሚቀጥለው 7። አሠራራችንን አልለወጥንም። የት ነው የምንሳሳተው? (የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን)

መልስ፦ የ2 ሎግ ልዩነት የመቶ እጥፍ ልዩነት ስለሆነ በአጋጣሚ አይታለፍም። ከምንም በፊት ከአንድ ሩጫ፣ ማለትም ከአንድ ሙሉ የማሳደግ ዙር፣ ሦስት ኩፖን ከተለያዩ ዘንጎች አውጥተው ይቁጠሩ። ሦስቱ ከተቀራረቡና ልዩነቱ የሚታየው ከሳምንት ሳምንት ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ ሪአክተሩ ወይም መነሻ ባክቴሪያው ላይ ነው። ሦስቱ እርስ በርስ ከተራራቁ ደግሞ ጥፋቱ አወጣጥዎና አቆጣጠርዎ ላይ ነው። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ መቀየር ጊዜ ማባከን ነው።

ከሪአክተሩ እንጀምር። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው የደረጃዎች ድርጅት ባወጣው ኢ2562 በተባለ የአሠራር ደረጃ መሠረት ዕቃው የአንድ ሊትር ብርጭቆ ሲሆን ጎኑ ላይ መውጫ አለው። ክዳኑ 8 ዘንጎች ይይዛል፤ እያንዳንዱ ዘንግ 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 3 ኩፖኖች አሉት፣ በድምሩ 24። መሐል ያለው መቅዘፊያ በደቂቃ 125 ዙር ይሽከረከራል። የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት መውጫው ተዘግቶ በሊትር 300 ሚሊ ግራም ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ የተባለ የባክቴሪያ ምግብ ይዞ ያልፋል። ቀጣዮቹ 24 ሰዓታት በሊትር 100 ሚሊ ግራም የሆነ ቀጭን ምግብ እየፈሰሰ ያልፋል። ሙቀቱ 21 ዲግሪ አካባቢ ነው።

የፍሰቱ ቁልፍ የ30 ደቂቃ የቆይታ ጊዜ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ዕቃው ከያዘው ጋር እኩል የሆነ አዲስ ፈሳሽ ስለሚገባ፣ ዋኝቶ የሚኖረው ባክቴሪያ ለመባዛት ጊዜ ሳያገኝ ይታጠባል፤ የሚቀረው የተጣበቀው ነው። ዕቃው ሲፈስ 350 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ፓምፑ በደቂቃ 11.7 ሚሊ ሊትር መላክ አለበት ማለት ነው። በ24 ሰዓት ወደ 17 ሊትር ይሆናል፤ 20 ሊትር ምግብ የሚዘጋጀውም ለዚህ ነው። ነገር ግን 350 የሚለውን ቁጥር አይመኑት። ዘንጎቹ ገብተው፣ መቅዘፊያው እየዞረ፣ ውኃ ሞልተው እስኪፈስ ይጠብቁና የቀረውን ይለኩ። መቅዘፊያው የሚፈጥረው አዙሪት ውኃውን ወደ መውጫው ስለሚገፋው፣ ቆሞ የተለካና እየዞረ የተለካ አንድ አይሆኑም። ፍሰቱን ከራስዎ ዕቃ መጠን ያስሉ።

የፓምፑ ጎማ ቱቦ ሌላው ተጠርጣሪ ነው። በየሩጫው እየተጨፈለቀ ስለሚላላ፣ መጀመሪያ የተስተካከለው ፍጥነት ከወር በኋላ ያንኑ አይሰጥም። ከሩጫው በፊትም በኋላም ለ5 ደቂቃ በመለኪያ ሲሊንደር ይቀበሉ፤ 58 ሚሊ ሊትር አካባቢ ካላገኙ ቱቦውን ይለውጡ። ምግቡ ወደ ዕቃው ሲገባ በብርጭቆው መለያያ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ መውረድ አለበት። ጅረቱ ሳይቋረጥ ከፈሰሰ ሱዶሞናስ ፈሳሹን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ምግቡን ይበክላል። ጠዋት ሲመጡ የምግቡ ጀሪካን ደመና ከለበሰ ያንን ሩጫ ይድፉት፤ ቁጥሩ ቢያምርም አይጠቅምም።

የምግቡን አሠራር በተመለከተ፣ ለ20 ሊትር የሚያስፈልገው 2 ግራም ብቻ ስለሆነ የሚዛን ስህተት በቀላሉ ይጎላል። 20 ሊትሩን በሙሉ ለአንድ ሊትር በተለመደው ሰዓት ኦቶክሌቭ ካደረጉት (በእንፋሎት ግፊት ካመከኑት) መሐሉ ሳይሞቅ ይወጣል። ውኃውን ለብቻ በቂ ሰዓት ሰጥተው ማምከንና ዱቄቱን በትንሽ ውኃ አሟሙተው ለየብቻ አምክነው በንጽህና መቀላቀል ይሻላል።

ኩፖኖቹን በአጉሊ ይመልከቱ። የተቧጨረ ኩፖን በጭረቱ ውስጥ የበለጠ ይይዛል፤ ሳሙና የቀረበት ደግሞ አያስይዝም። በላቦራቶሪ ሳሙና ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያስለቅቅ ገንዳ) ውስጥ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ማጠብ። ሲገጥሙት ኩፖኑ ከዘንጉ ገጽ ጋር እኩል ይሁን፤ ጠርዙ ወጣ ካለ ውኃው እዚያ ላይ ስለሚመታው ልጋጉ አንድ ወገን ይሳሳል።

አወጣጡ ላይ የሚበዛው ጥፋት ችኮላ ነው። ዘንጉን ቀጥ አድርገው አንስተው 30 ሚሊ ሊትር በፈር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቀስ ብለው ያጥልቁ። ይህ ያልተጣበቁትን ያስወግዳል። በመርጫ ከረጩት የተጣበቀውንም ይወስዳል፤ ጨርሶ ካላጠቡት የሚዋኘውን አብረው ይቆጥራሉ። ስምንቱንም ዘንግ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ከሆነ የሚሠሩት፣ የመጨረሻዎቹ ሲደርቁ ህዋሶቻቸው እየሞቱ ነው።

በነጠላ ቱቦ ዘዴ፣ ማለትም በኢ2871፣ እያንዳንዱ ኩፖን 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ሾጣጣ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ 4 ሚሊ ሊትር መድኃኒት ይፈስበታል፤ ሰዓቱ ሲያበቃ 36 ሚሊ ሊትር ኒውትራላይዘር (መድኃኒቱን የሚያቆም ፈሳሽ) ይጨመርበታል። ከዚያ 30 ሰከንድ ቮርቴክስ (ቱቦ መናጫ)፣ 30 ሰከንድ ሶኒኬተር በ45 ኪሎ ኸርዝ፣ ደግሞ ቮርቴክስ፣ ደግሞ ሶኒኬተር፣ በመጨረሻ ቮርቴክስ። ይህ ድካም ያለምክንያት አይደለም። አንድ ሺህ ህዋስ ተያይዞ ከወደቀ ፕሌት ላይ አንድ ኮሎኒ ሆኖ ነው የሚበቅለው፤ ያልተፈታ ጉብታ እንደ ሞት ይቆጠራል። ሶኒኬተሩ ውስጥ ብዙ ቱቦ ባንዴ ካጨቁ ወይም የገንዳው ውኃ ከቱቦው ፈሳሽ በታች ከሆነ ጉልበቱ አይደርስም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከቆጠሩ በኋላ ኩፖኑን ክሪስታል ቫዮሌት በተባለ ወይን ጠጅ ማቅለሚያ ነክረው በማይክሮስኮፕ ይዩት። ወይን ጠጅ ምልክት ከቀረ ቁጥርዎ ከእውነቱ ያነሰ ነው።

ኒውትራላይዘሩንም ለብቻው ይፈትኑ። ለክሎሪን ሶዲየም ታዮሰልፌት ይሠራል፤ ለሌሎች መድኃኒቶች ሌላ ነው። ሁለት ነገር ይታይ፤ ራሱ ባክቴሪያ እንደማይገድል፣ መድኃኒቱንም በትክክል እንደሚያቆም። ካላቆመ መድኃኒቱ ፕሌቱ ላይ እየገደለ ይቀጥላል፣ እርስዎም የ10 ደቂቃ ውጤት ነው ብለው ይጽፉታል።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራዬ 96 ጉድጓድ ባለው ፕሌት ክሪስታል ቫዮሌት እጠቀማለሁ። የፈተንኩት የዕፅዋት ጭማቂ ቀለሙን በግማሽ ቀነሰው። አማካሪዬ ግን «ገደለ ማለት አትችይም» አሉኝ። ለምን? (የድኅረ ምረቃ ተማሪ)

መልስ፦ አማካሪሽ ልክ ናቸው። ክሪስታል ቫዮሌት የሞተውንም፣ ህያውንም፣ ሽፋኑንም ያቀልማል። ሁሉም ህዋስ ሞቶ ልጋጉ ባለበት ቢቆይ ቀለሙ አይቀንስም፤ ሁሉም ህያው ሆኖ ልጋጉ ተላቅቆ ቢታጠብ ቀለሙ ይጠፋል። ያገኘሽው «የተጣበቀው ነገር በግማሽ ቀንሷል» የሚል ነው። ይህም ዋጋ ያለው ውጤት ነው፤ ስሙን ብቻ በትክክል ጥሪው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሌሊቱን ያደረውን ባክቴሪያ 1 ለ100 አቅጥነሽ በየጉድጓዱ 100 ማይክሮ ሊትር፣ እንደ ዝርያው ከ4 እስከ 24 ሰዓት። ፈሳሹን ገልብጠሽ አራግፊ፤ ፕሌቱን ውኃ ገንዳ ውስጥ አጥልቀሽ ሁለት ጊዜ እጠቢ፣ በፒፔት አትርጪበት። 125 ማይክሮ ሊትር 0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ እጠቢና ገልብጠሽ አድርቂ። ከዚያ በ125 ማይክሮ ሊትር 30 በመቶ አሴቲክ አሲድ ቀለሙን አሟሚ፤ ወደ አዲስ ጠፍጣፋ ፕሌት አዛውረሽ በ550 ናኖ ሜትር አንብቢ። ሳያዛውሩ ማንበብ የተለመደ ስንፍና ነው፤ ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የቀረው ቀለም ብርሃኑን ያዛባል።

ዳር ያሉት ጉድጓዶች ስለሚተኑ ውኃ ብቻ ጨምሪባቸው። ጭማቂሽ ራሱ ቀለም ካለው ባክቴሪያ የሌለበት ጭማቂ ብቻ ያለበት ጉድጓድ አዘጋጂ። ደግሞ በዚያው መጠን ባክቴሪያው በፈሳሽ ውስጥ እንደልቡ ማደጉን ለኪ። እድገቱ ራሱ ከቀነሰ ልጋጉ የቀነሰው ባክቴሪያው ስላነሰ ነው እንጂ መጣበቅ ስለተከለከለ አይደለም። ግምገማ ላይ መጀመሪያ የምትጠየቂው ይህን ይሆናል።

በአውሮፓ አምስት ላቦራቶሪዎች ክሪስታል ቫዮሌትን፣ ሬዛዙሪን የተባለውን ህያው ህዋስ ሲነካው የሚለወጥ ቀለምና የኮሎኒ ቆጠራን አነጻጽረው በ2021 አሳትመዋል። የመድኃኒትን ብቃት ለመመዘን ከሦስቱ አስተማማኝ የሆነው አሮጌው የኮሎኒ ቆጠራ ነው። አድካሚ ቢሆንም ቢያንስ በዋና ዋናዎቹ መጠኖች ላይ ጨምሪው። ዝቅተኛ መጠን አንቲባዮቲክ አንዳንዴ ባዮፊልምን እንደሚያበዛም አስታውሺ፤ ቶብራማይሲን በሱዶሞናስ ላይ ይህን ማድረጉ ከ2005 ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ አንድ መጠን ሳይሆን ቢያንስ አምስት ስድስት ፈትኚ።

ጥያቄ፦ የሆስፒታል ሕንፃ የውኃ መስመር ኃላፊ ነኝ። ሊጂዮኔላ (የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ) ተገኝቶ በከፍተኛ ክሎሪን አከምነው፤ ውጤቱ ንጹህ ወጣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ። ክሎሪኑን እንጨምር? (የጥገና ባለሙያ)

መልስ፦ መጠኑን ከመጨመርዎ በፊት ክሎሪኑ የት ድረስ እንደሚደርስ ይወቁ። ተመራማሪዎች በ1994 ከፀጉር በቀጠነ ኤሌክትሮድ ባዮፊልም ውስጥ ያለውን ክሎሪን ሲለኩ፣ ውጭ ካለው ውኃ አንድ አምስተኛው ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ላዩ ይሞታል፤ ከሥር ያለው ይተርፋል፤ የሞተው ደግሞ ለተረፈው ምግብ ይሆናል። ሊጂዮኔላ በተጨማሪ አሜባ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የሙቅ ውኃ ታንኩን ደለል አውጥተው ያጽዱ። ማንም የማይጠቀምባቸውን የተዘጉ የቧንቧ ጫፎች ይቁረጡ፤ እነሱን ሳይነኩ ማከም ከንቱ ድካም ነው። የቧንቧ ራስ ማጣሪያዎችንና የሻወር ራሶችን ፈትተው ኖራውን ያስለቅቁ። ፒኤች ይለኩ፤ በ7.5 ላይ ከነፃው ክሎሪን ግማሹ ኃይለኛው ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው፣ በ8.5 ግን አንድ አስረኛው ብቻ ነው የሚቀረው። ከዚያ በኋላ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነፃ ክሎሪን ለአንድ ሰዓት ይያዝ። ልኬቱ የሚወሰደው ከታንኩ ሳይሆን ከመጨረሻው ቧንቧ ነው። በዚያ ሰዓት ውስጥ በጣም ከወረደ ልጋጉ እየበላው ነውና ይደገም። በሥራው ጊዜ ማንም እንዳይጠጣና እንዳይታጠብ መስመሩ ምልክት ይደረግበት፤ ሲያበቃ በደንብ ይፍሰስ።

ዘላቂው ግን ሙቀቱ ነው። ሙቅ ውኃ ታንኩ ላይ 60 ዲግሪ፣ ዙሪያውን ተመልሶ ሲመጣ ከ50 በላይ፤ ቀዝቃዛው ከ20 በታች። ሊጂዮኔላ የሚመቸው በ20 እና በ45 መካከል ያለው ነው። 60 ዲግሪ ሰው ያቃጥላልና ታካሚ በሚታጠብበት ላይ የማደባለቂያ ቫልቭ ይኑር፤ ቫልቩ ግን ከሻወሩ አጠገብ ይሁን። ሩቅ ከሆነ በመሐል ያለው ቧንቧ ለብ ያለ የማራቢያ ቤት ይሆናል።

ያ «ንጹህ» ውጤትም አጠራጣሪ ነው። ናሙና ከሕክምናው በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ሳይሞላው አይወሰድ፤ ጠርሙሱም ክሎሪኑን የሚያቆም ታዮሰልፌት ይኑረው። እንደተከፈተ የሚቀዳው የመጀመሪያው ውኃ የቧንቧውን ራስ ችግር ይነግርዎታል፤ ካፈሰሱ በኋላ የሚቀዳው የመስመሩን። ሁለቱንም ይውሰዱ፣ የሻወሩን ራስ ውስጡንም በጥጥ ጠርገው ይላኩ። ውኃው የሚያሳየው የተላቀቀውን ብቻ ነው። ወደ ሞኖክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ) የተሻገሩ ሕንፃዎች አሉ፤ ቀስ ብሎ ይገድላል ግን ከነፃ ክሎሪን በተሻለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የኩላሊት እጥበት ክፍል ካለዎት ግን ያለ እነሱ ስምምነት አያስቡት፤ ክሎራሚን ከእጥበቱ ውኃ ተጣርቶ ካልወጣ የታካሚውን ቀይ የደም ህዋስ ያፈርሳል።

ጥያቄ፦ በጥርስ ክሊኒክ ከከተማ ውኃ ይልቅ የታሸገ ንጹህ ውኃ እንጠቀማለን። የማሽኑ ቱቦ ግን አሁንም ይሸታል። (የጥርስ ሕክምና ረዳት)

መልስ፦ የሚገባው ውኃ ንጹህ መሆኑ ቱቦው ላይ ያለውን አያነሳም። 2 ሚሊ ሜትር ውስጠ ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውኃ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ግድግዳ አለ። 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ የመንገድ ቧንቧ ውስጥ 0.4 ብቻ ነው። ሌሊቱንና ቅዳሜ እሑዱን ሲቆም ይብሳል። በየታካሚው መካከል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማፍሰስ ከበፊተኛው ታካሚ የገባውን ያስወጣል እንጂ ልጋጉን አያስለቅቅም። አምራቹ የሚፈቅደውን የቱቦ ማከሚያ በመመሪያው ሰዓት ልክ ይጠቀሙ፤ ከዚያ ውኃውን ያስመርምሩ። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መመሪያ መሠረት ቀዶ ሕክምና ላልሆነ ሥራ ከ500 ኮሎኒ በሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። ለቀዶ ሕክምና የመከነ (ከተህዋሲ የጸዳ) ውኃ በተለየ መስመር ነው የሚሰጠው፤ በዚያው ቱቦ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያ የሚሠራው «ህያው የግንባታ ቁስ» ሲሚንቶን ይተካል ማለት ነው? (የሲቪል መሐንዲስ)

መልስ፦ ገና ነው። በ2025 የታተመው የሞንታና ስቴት ሥራ ኒውሮስፖራ ክራሳ የተባለ ሻጋታ ክሮችን እንደ መዋቅር ተጠቅሞ፣ ስፖሮሳርሲና ፓስቸሪ የተባለ ባክቴሪያ በላዩ ኖራ እንዲጋግር ያደርጋል። አዲሱ ነገር ባክቴሪያዎቹ ቢያንስ ለአንድ ወር በህይወት መቆየታቸው ነው፤ የቀደሙት ቁሶች ውስጥ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይሞቱ ነበር። ጥንካሬው ለምሰሶ የሚሆን አይደለም።

ኬሚስትሪው ከዚያ በፊትም በሥራ ላይ ውሏል። ባክቴሪያው ዩሪያን ሲበትን ፒኤች ይጨምራል፣ ካርቦኔት ይፈጠራል፣ ካልሲየም ካለ ካልሲየም ካርቦኔት ይጋገራል። የማዕከሉ ተመራማሪዎች በ2014 አላባማ ውስጥ 340 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለ የአለት ስንጥቅ በዚህ መንገድ ደፍነዋል። ሲሚንቶ የማይዘልቅበት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ውኃ የሚመስል ፈሳሽ ስለሚገባ፣ የዘዴው እውነተኛ ጥቅም እዚያ ነው ብለን እናምናለን። እንቅፋቱ አሞኒየም ነው፤ 60 ግራም ዩሪያ 100 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት ሲሰጥዎ 36 ግራም አሞኒየምም ይተውልዎታል። ጉድጓዱ አጠገብ የመጠጥ ውኃ ካለ ይህን የት እንደሚወስዱት አስቀድመው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ይህን ሥራ የሚሠሩት እነማን ናቸው? ተማሪዎቼስ ያለ ውድ መሣሪያ ባዮፊልም ማየት ይችላሉ? (የባዮሎጂ መምህር)

መልስ፦ ክላውድ ዞቤል ባክቴሪያ በጠርሙስ ግድግዳ ላይ እንደሚበዛ በ1943 ጽፎ ነበር፤ ቢል ኮስተርተንና ባልደረቦቹ በ1978 ጉዳዩን ወደ አደባባይ አወጡት። የሞንታናው ማዕከል በ1990 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ ተቋቋመ። አባል ኩባንያዎች እየከፈሉ በስብሰባዎቹ ይሳተፋሉ፣ ተማሪዎችም እዚያው ከኢንዱስትሪ ሰዎች ጋር ይገናኛሉ። ሲንጋፖር ከ2011፣ ብሪታንያ ከ2017 ጀምሮ የራሳቸው ማዕከላት አሏቸው፤ ኮፐንሃገን ያለው በኮስተርተን ስም የተሰየመ ነው።

ለተማሪዎችዎ የማይክሮስኮፕ መስታወቶችና ኩሬ ወይም የዓሣ ገንዳ ይበቃል። መስታወቶቹን በሳሙና ከዚያም በአልኮል ጠርገው ጠርዛቸውን ብቻ ይያዙ፤ የጣት ቅባት ውጤቱን ያበላሻል። በናይሎን ክር አስረው ከውኃው ወለል 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ያንጠልጥሏቸው። አጋድመው ካስቀመጧቸው የሚያዩት የሰመጠ አቧራ ነው። በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን አንዳንድ ያውጡ። ንጹህ ውኃ ውስጥ አንዴ አጥልቀው አንዱን ፊት ይጥረጉ፤ ሌላውን በ0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት 10 ደቂቃ ነክረው ያጥቡ። ሳይደርቅ በስስ መስታወት ከድነው በ400 እጥፍ ይዩ። ከደረቀ ልጋጉ ይሟሽሽና ጉብታዎቹ ጠፍጣፋ ይሆናሉ።

በ3ኛው ቀን የተበተኑ ነጥቦች፣ በ7ኛው ተያይዘው የተከመሩ ጉብታዎች፣ በ14ኛው ደግሞ አልጌና በመሐላቸው የሚግጡ ትንንሽ እንስሳት መታየታቸው የተለመደ ነው። ተማሪዎቹ በእነዚህ ቀናት ባወጡት በእያንዳንዱ መስታወት ላይ በአንድ እይታ ክብ ውስጥ ያለውን ይቁጠሩ፣ ከአሥር ቦታ አማካዩን ይውሰዱ። ጓንት ያድርጉ። ከመስታወቱ ላይ ጠርጎ አጋር ላይ ማብቀል ግን አይፈቀድ፤ ከኩሬ ምን እንደሚበቅል አይታወቅምና። ሲጨርሱ መስታወቶቹን በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውሁድ ውስጥ 30 ደቂቃ ዘፍዝፈው በብሩሽ ይፈትጓቸው።